ሽፈራው ለስኳር ይጠቅማል ሲባል

ደጀን ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰው ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው፤ ማዘዣ ይዞ የሚመጣና ስልኩን ዘርግቶ የሚመጣ። ሁለተኛው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። የዓባይን በረሃ ሽቅብ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌርም ሆነ ለገበያ የመጣ ገበሬ ቪዲዮ ከፍቶ «ዶክተር፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ ግን አያለሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ ይዘው መጡ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የሽፈራው ቅጠል «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ይላል። ስሙ አልተጻፈም፣ ሙያው አልተነገረም፣ መቼ እንደተቀረጸም አይታወቅም። የዱቄቱ ዋጋና የሚታዘዝበት ስልክ ቁጥር ግን ከታች በጉልህ ይነበባል።

«እማማ፣ የስኳር ኪኒኑን፣ ሜትፎርሚኑንስ?» አልኳቸው።

«እሱንማ ተውኩት። ይኸ ካዳነኝ ምን ልሁን ብዬ ልዋጠው፣ ልጄ?»

ስኳራቸው እንዲለካ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው።

ሽፈራው ክፉ ቅጠል አይደለም። የኮንሶ ሰው እንደ ጎመን ቀቅሎ ሲበላው የኖረ ምግብ ነው፤ ፕሮቲንም ካልሲየምም አለው። የደም ስኳር ይቀንስ እንደሆነ በአይጥም በሰውም ተሞክሯል። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አይገጥምም፤ ኪኒን ይተካል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ለጤና ይጠቅማል ብሎ የሚጽፍ ሰው አራት ጥያቄ ይመልስልኝ እላለሁ፤ ለምን፣ በስንት፣ በምን ላይ ታይቶ፣ በማን ገንዘብ።

ለምን ለሚለው የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብለው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድግ ነው። ግኝታቸው እንዶድ ቀንድ አውጣውን ይገድላል የሚል እንጂ ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው ይጠጣው የሚል አልነበረም፤ የጠጣ ሰውማ ይመረዛል። ከዚያም ዓመታት የፈጀ ምርመራ ተከተለ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

በስንት ለሚለው ኮሶን ማንሳት ይበቃል። የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍትም መዝግበውታል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። «ኮሶ ይጠቅማል» ብሎ መጠኑንና ጉዳቱን የዘለለ ጸሐፊ ለአንባቢው ግማሹን ነው የነገረው።

በምን ላይ ታየ የሚለው በኮሮና ጊዜ በደንብ ተፈትኗል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት መድኃኒት ናቸው ተብሎ ዋጋቸው ተሰቀለ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ እንደሆነ፣ ከቫይረሱ እንደሚከላከል ግን ማስረጃ እንደሌለ ተናግሮ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ጀርም መግደል አንድ ነገር ነው፣ የታመመ ሰው ማዳን ሌላ።

ስለ ገንዘቡ ጄኔቫ የነበረው ሄልዝ ኦን ዘ ኔት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስምንት መመሪያዎች አውጥቶ ነበር፤ የጸሐፊው ሙያ ይገለጽ፣ ምንጭና ቀን ይጠቀስ፣ ወጪውን የሸፈነው ይታወቅ፣ ማስታወቂያ ከጽሑፍ ይለይ የሚሉ ይገኙባቸዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል፤ መመሪያዎቹን ሥራ ላይ ማዋል ግን ዛሬም ሳንቲም አያስወጣም። ያ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አንዱንም አላሟላም። ተመዝግቦ ይሁን ሳይመዘገብ የሚያጠራጥር መድኃኒት የገጠመው ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 መደወል ይችላል።

ስለ ጤና ለምትጽፉ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከጥቅሙ ዝርዝር በፊት «ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ» የምትል መስመር አስገቡ። ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊቱንና ዓይኑን የምታተርፍለት እሷ ናት።