ያውቁ ኖሯል? ምሰሶ አቁመው ከበር የተመለሱት

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ያለው ክብ የጉራጌ ጎጆ በመሐል ምሰሶ ይቆማል። ያንን ምሰሶ ጠርቦ የማቆም ሙያ በልማድ ከማኅበረሰቡ የተገለሉት የፉጋ አናጢዎች ነበር (ስሙ ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ፊት ለፊት አይጠሩበትም)። አናጢው ግን ራሱ ባቆመው ቤት ሳይፈቀድለት አይገባም ነበር። ፉጋ ካረሰው አፈሩ ፍሬ ይነሳል ስለሚባል እርሻም ክልክል ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጽፎታል።

ለእነዚህ አናጢዎች ልጆች የትምህርት ዕድል የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማስወጣትና ትምህርት ቤት ማሠራት ያዙ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ደግሞ እርሻ የተከለከሉትን ሳይለይ መሬት ለማንም አራሽ እንዲደርስ ደነገገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ስልጥኛ አንዱ ነበር፤ ጉራጊኛ ግን አልተካተተም።

ሕግና መዋጮ ልጁን ክፍል ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። ከባዱ፣ በእኔ ግምት፣ የዕረፍት ሰዓቱ ነው፦ ምሳውን ከማን ጋር ይበላል?