አዝዳራር፦ አንድ ካህን በባዕድ አገር ያሳተማት መጽሔት

በአርመንኛ ቋንቋ የታተመችው የመጀመሪያዋ መጽሔት የተወለደችው በአርመን ምድር ሳይሆን በሕንድ አገር፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው በማድራስ ከተማ ነው። ጊዜው ጥቅምት 1794 እ.ኤ.አ. ነበር። ስሟ «አዝዳራር» ይባላል፤ ዜና ነጋሪ እንደ ማለት ነው። አዘጋጇ ቄስ ሃሩትዩን ሽማቮንያን የእኛ ቤተ እምነት ሰው አይደሉም፤ የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን ናቸው። ታሪካቸው ግን የማንኛችንንም ልብ ይነካል።

ቄስ ሃሩትዩን በ1750 በፋርስ አገር፣ በሺራዝ ተወለዱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ከሰው ርቀው የፋርስን ቋንቋ ሲያጠኑ ኖሩ። ልጅ የቀበረች እናት ሰባት ዓመቱ አይበዛባትም። በ1784 ማድራስ ለነበሩት ጥቂት አርመናውያን አገልጋይ ሆነው መጡ፤ በ1789 ደግሞ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ።

መጽሔቲቱ የመርከቦችን ወሬ፣ የሸቀጥ ዋጋን፣ የአገር ታሪክንና ከአንባብያን የተላኩ ደብዳቤዎችን ታወጣ ነበር። ይህ ለካህን የማይገባ ሥራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ምእመናኑ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እረኛም በጎቹ የሚውሉበትን ማወቅ አለበት። ቋንቋዋ በአብዛኛው ጥንታዊው አርመንኛ ነበር፤ ለእኛ ግዕዝ እንደሆነው ማለት ነው። አንባቢዋ ጥቂት ስለነበር 18 እትም ብቻ ወጥታ በ1796 ተቋረጠች። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» የመጣው ከዚያ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ሕትመትና ስደት ለአርመኖች አብረው የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው በ1512 በቬኒስ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው በ1666 በአምስተርዳም ታተመ። የእኛም የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በ1513 የታተመው ሮም ላይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቀበሌዎች ልጆቻቸውን ወደ ሳዑዲ የሸኙ ወላጆች ስደት ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻቸውም። ብሩ ይላካል፣ ስልኩ ይደወላል። ልጁ ግን በየትኛው ቋንቋ እየጸለየ ነው? ልጅ ቢወልድስ በየትኛው ያስተምረዋል? ቄስ ሃሩትዩን ይህን ጥያቄ በእርሳስ ፊደል ለቅመው መለሱ።

አርመኖች ወደ እኛም መጥተዋል። ልዑል ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም 40 ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት የማርሽ ባንድ ተጫዋቾች እነርሱ ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ ማኅበረሰብ ነው።

ቄስ ሃሩትዩን ማድራስን ሳይለቁ ለአርባ ዓመት አገልግለው በ1824 ዐረፉ። መቃብራቸው በአርመን ጎዳና ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፤ የሚቀድስበት የአርመን ምእመን ግን የለም ማለት ይቻላል።