ከባልጩት እስከ ትክል ድንጋይ፤ የአንድ ቀን ጉዞና የባለቤትነት ጥያቄ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ውስጥ መንገድ የተከፈተው ሥራን ተከትሎ ነው። ነጋዴው አሞሌ ጭኖ፣ ተሳላሚው ስንቁን ቋጥሮ፣ ወታደሩ ጋሻውን አንግቦ፣ ግብር አስከፋዩም የጌታውን ድርሻ ለመሰብሰብ አገር አቋርጧል። አገርን ለማወቅ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ጉዞ ግን ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ጥቂቶች ዕድል ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖረ። ዛሬም ቢሆን «ቱሪስት» የሚለው ቃል ሲነሳ በዓይነ ኅሊናችን ድቅን የሚለው ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ የውጭ አገር ሰው ነው። ስድስት ቀን ከመኪና ሥር ውሎ በሰባተኛው ከልጆቹ ጋር አገሩን ለማየት የሚወጣ መካኒክ «ቱሪስት» ሲባል ሰምተን አናውቅም።

ይህ አስተሳሰብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአገራችንን የቱሪዝም ሥራ መሠረት የጣሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የተሰኘውን መፈክር ለዓለም ባስተዋወቁበት ወቅት ዋናው ዓላማ የውጭ እንግዳና የውጭ ምንዛሪ መሳብ ነበር። በጊዜው ከነበረው ችግር አንፃር ዓላማው ተገቢ ነበር፤ ውጤትም አስገኝቷል። ሆኖም መፈክሩ እንግዳውን ሲጠራ ባለቤቱን ማን ጠራው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ከዚህ አኳያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ መመርመር ብዙ ያስተምራል። ከ100 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ፣ ማለዳ 12 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ ማታ ከቤቱ ሊመለስ በሚችልበት አንድ ቀን፣ ሦስት የታሪክ ምዕራፎች በተርታ ይገኛሉ፤ እነዚህም መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ናቸው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ድንጋይ ነው። በመልካ ቁንጡሬ ድንጋይ መሣሪያ ሆነ፤ በአዳዲ ቤት ሆነ፤ በጢያ መታሰቢያ ሆነ። በሦስቱም ሥፍራ ድንጋዩን ለውጦ ትርጉም የሰጠው የሠራተኛ እጅ ነው።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳርና ዳር የተዘረጋ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሆላንዳዊው የውሃ ጥናት ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ወንዙ በሸረሸረው መሬት ላይ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኘ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለ30 ዓመታት የመራው ቁፋሮ፣ ከዚያም የጣሊያን ተመራማሪዎች የቀጠሉት ጥናት፣ በአዋሽ ዳርቻ የተደራረበው አፈርና የእሳተ ገሞራ ዐመድ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚሸፍን የሥራ መዝገብ መሆኑን አረጋገጠ። ጋርባ በተባለው ሥፍራ በ1981 የተገኘው የአንድ ሕፃን መንጋጋ በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው ተገልጿል። ይህም የጥንቱ ሰው በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የደጋ ብርድ ለመቋቋም የቻለው በእጅግ ሩቅ ዘመን መሆኑን ያሳያል። ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ ደግሞ ከ700,000 ዓመት በፊት በጭቃ ላይ የታተመ የሕፃናት የእግር ዱካ ተገኝቶ በ2018 ለሳይንሱ ዓለም ቀርቧል። አዋቂዎቹ መሣሪያ ሲሠሩና ሥጋ ሲያወራርዱ ልጆቹ ከአጠገባቸው ነበሩ። ሙያ የሚወረሰው በማየት ነውና የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የሥራው ቦታ ራሱ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሲምቢሮ ከተባለው ሥፍራ የተገኘው ማስረጃ ነው። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ የነበሩ ሰዎች አንድን ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ለይተው በመምረጥ፣ በአንድ ሥፍራ ተሰባስበው፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው የእጅ መጥረቢያዎችን በብዛት ሠርተዋል። ይህ በሌላ አነጋገር የጥሬ ዕቃ ምርጫ፣ የሥራ ቦታና የሥራ ልምድ በአንድነት የተገኙበት ጥንታዊ አውደ ሥራ ነው። ሊቃውንት ስለዚህ ድንጋይ ብዙ ጽፈዋል፤ የአማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም። ባልጩት ነው። አያቶቻችን ጠጉር የላጩበት፣ ብረት ባልነበረበት ቤት እንደ ምላጭ ያገለገለው ባልጩት ነው። ድንጋዩ በብዛት የሚገኝበት በአቅራቢያው ያለው ሥፍራም ስሙን ከዚሁ አግኝቶ ባልጭት ይባላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ኒው ዴልሂ ላይ በተደረገው ጉባኤ መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ ለኢትዮጵያ 12ኛው የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ቅራኔ አለ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ባልጩት ጠርበው፣ ከእንጨት እጀታ ጋር አጣብቀው፣ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ኖረዋል። የሌላው ዓለም አጥኚዎች የጥንቱን ሰው ሥራ ለመረዳት ሲሉ ከእነዚህ ባለሙያዎች ዘንድ መጥተው፣ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ የእጃቸውን እንቅስቃሴ እየቆጠሩ ተምረዋል። እኛ ግን «ፋቂ» የሚለውን የሙያ ስም ስድብ አድርገነዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ጥበብ የሚሸምነውን በሥራው ስም ሰድበናል፤ በጋብቻ አግልለናል፤ «ዓይኑ ይበላል» ብለን ሸሽተነዋል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው የችግሩን ሥር መስደድ ያመለክታል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስድቡ ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለውን የሚሊዮን ዓመት ባልጩት እያደነቅን ባልጩቱን እስከ ዛሬ ያደረሰልንን እጅ መናቅ የማይታረቅ ነገር ነው። ሙዚየም ይህን ቅራኔ ካላሳየን ከዕቃ ግምጃ ቤት አይለይም።

መንገዱን ቀጥለን ከዋናው ጎዳና ወጣ ብላ የምትገኘው አዳዲ ማርያም ስንደርስ ያው ድንጋይ በሌላ መልክ ይጠብቀናል። በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር የምትያያዘው ይህች ውቅር ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ላይ ድንጋይ በመካብ የተሠራች ሳትሆን ከአለቱ ተፈልፍላ የወጣች ናት። ሕንፃ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል፤ አለት የሚፈለፍል ግን አንድ ጊዜ የቆረጠውን መልሶ አይቀጥለውም። ስለሆነም መላው ሥራ አስቀድሞ በአእምሮ የታቀደ፣ በብዙ ሰዎች ቅንጅት የተከናወነ መሆን አለበት። የንጉሡ ስም በትውፊት ሲዘልቅ መሮውንና መዶሻውን የያዙት ሰዎች ስም አልደረሰንም። የእነርሱ ፊርማ በግድግዳው ላይ ያለው የመሮ ጠባሳ ነው። ጎብኚው ጣሪያውን ብቻ አይቶ ከመመለስ ይልቅ ያንን ጠባሳ እንዲያነብ የሚረዳው አስጎብኚ ያስፈልገዋል።

ጢያ የጉዞው መጨረሻ ነው። በዚያ 36 ትክል ድንጋዮች የሚገኙ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል፤ ከሰይፉ ሌላ ያሉት ምልክቶች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ አልተፈቱም። በሶዶ አካባቢ ከታወቁት 160 ያህል መሰል ሥፍራዎች መካከል ጢያ ዋነኛው በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአካባቢው ሕዝብ ድንጋዮቹን ከግራኝ ጋር ያያይዛቸዋል። በቁፋሮ የተገኙት መቃብሮች ግን ከ16ኛው ምእተ ዓመት ጦርነት አስቀድሞ የነበሩ መሆናቸውን ያመለክታሉ። ትውፊቱ በዚህ ዋጋ አያጣም፤ ሕዝብ ታላቅ ሥራ ባየ ጊዜ ከሚያስታውሰው ታላቅ ስም ጋር ማያያዙ በየአገሩ የታወቀ ነው። የሙዚየምና የአስጎብኚ ተግባር ትውፊቱን ሳይንቁ፣ ማስረጃውንም ሳይደብቁ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቅረብ ነው።

እንግዲህ ከገጠሩ ወደ ከተማው እንመለስ። በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ያለው ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ መኖሪያ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትና የአፅሟ 40 በመቶ ያህል የተገኘው ይህች ፍጡር በውጭው ዓለም «ሉሲ» የተባለችው በወቅቱ በቁፋሮው ሠፈር ይሰማ ከነበረ የእንግሊዞች ዘፈን ነው። «ድንቅነሽ» የሚለው ስም የእኛ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂ ሲሆን ዋናው አፅም በልዩ መጠበቂያ ክፍል ይቀመጣል፤ ይህም ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል የሚደረግ በመሆኑ የሚያስወቅስ አይደለም።

አከራካሪው ጉዳይ ሌላ ነው። ከ2007 እስከ 2013 ዋናው አፅም በአሜሪካ ቆይቶ ለዕይታ ቀርቧል። በዚያን ጊዜ ስሚዝሶኒያን የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ተቋም ጭምር የማይተካ ቅርስ ለጉዞ አደጋ መጋለጥ እንደሌለበት ተከራክሮ ነበር። በነሐሴ 2025 ደግሞ ድንቅነሽ፣ በዲኪካ ከተገኘችው ሕፃን ሰላም ጋር፣ ለ60 ቀናት ዕይታ ወደ ቼክ ዋና ከተማ ፕራግ ተልካለች። የጉዞው ደጋፊዎች አገር ታስተዋውቃለች፣ ገቢ ታስገኛለች ይላሉ፤ ይህ ሐቅ ነው። ተቃዋሚዎቹ አጥንት አንዴ ከተሰበረ ካሣ የለውም ይላሉ፤ ይህም ሐቅ ነው። ለእኛ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። የሂዩስተንና የፕራግ ተማሪ የተመለከተውን ዋናውን አፅም የአዋሽ ሰባትና የሎግያ ተማሪ መቼ አየው? ቅርስ ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ያስገኘው ገቢ ለየትኛው የማሳያ ክፍል፣ ለየትኛው የተማሪዎች አውቶቡስ እንደዋለ ለባለቤቱ ሕዝብ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሒሳቡ ሲታወቅ ክርክሩም በጭፍን መሆኑ ይቀራል።

ጉዳዩ የተዘረፉ ቅርሶቻችንን ከማስመለስ ትግል ጋርም የተሳሰረ ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1937 ወደ ሮም ያጋዘችው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ከተዘረፈው ውስጥ የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2019 ተመልሷል፤ የሚበዛው ግን ገና በሰው እጅ ነው። ይዞታውን መልቀቅ የማይሻ ወገን የሚያነሳው ምክንያት ዘወትር አንድ ነው፤ «ለመጠበቅ አትችሉም» የሚል። ለዚህ ንግግር ከተቃውሞ ሰልፍ ይልቅ አጥጋቢ መልስ የሚሆነው በእጃችን ያለውን ስንጠብቅና ስናውቀው ነው። የራሱን ሙዚየም ደጃፍ ያልረገጠ ትውልድ በለንደን ሙዚየም ስላለው ቅርሱ ሲጮኽ ድምፁ ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

በመዲናችን በቅርብ ዓመታት የተከናወኑት ሥራዎች በዚህ ረገድ ሰፊ ዕድል ከፍተዋል። አንድነት ፓርክ በ2019፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በ2024 ለሕዝብ ተከፍተዋል። በስድስት ኪሎ ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የገበሬውን ቀንበርና የእናቱን አንቀልባ ከንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳያል፤ ለተመልካች ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት ማግኘት ያዳግታል። በሌላ በኩል ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ የተከሰቱ ግጭቶች ወደ አክሱምና ወደ ላሊበላ የሚደረገውን ረጅም ጉዞ ለብዙ መንገደኞች አስቸጋሪ አድርገውታል። በእነዚያ ከተሞች በእንግዳ የሚተዳደሩ አስጎብኚዎችና ባለ ሆቴሎች የደረሰባቸውን ጉዳት ማስታወስ ግዴታችን ነው። የቅርቡ የአንድ ቀን ጉዞ የሩቁን ጉዞ አይተካውም፤ ነገር ግን የአገር ውስጥ ጎብኚ የሚፈጠረው በቅርቡ መንገድ ነው።

ስለሆነም ተግባሩ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን ተማሪዎቹን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ታሪክን በቦታው ያስተምር፤ የሠራተኛ ማኅበራትና እድሮችም ለሐዘንና ለደስታ የሚያሰባስቡትን አቅም ለዚህም ያውሉት። ሁለተኛ፣ በየሥፍራው ያለው ጽሑፍ የአካባቢው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ፤ ገበሬው ስለ ራሱ መሬት የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ ጽሑፉ ለማን ነው? ሦስተኛ፣ ቅርሱ በማሳው ላይ የተገኘበት ገበሬ ከመግቢያ ክፍያው፣ ከጥበቃውና ከማስጎብኘቱ ሥራ ድርሻ ይኑረው። ማሳውን ለቁፋሮ ለቆ ከእንግዳው አቧራ ብቻ የሚተርፈው ሰው ነገ ድንጋዩን ለቤት መሠረት ቢጭነው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም። አራተኛ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ በሙዚየሞቻችን እንደ አስተማሪ ተጠርተው፣ ተገቢው ዋጋ ተከፍሏቸው፣ ሥራቸውን በሕዝብ ፊት ያሳዩ።

ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት በአዋሽ ዳርቻ የተጀመረው የእጅ ሥራ ዛሬም አልተቋረጠም። ቅርስን ባለቤት የሚያደርግለት አጥር፣ ዘበኛና የምዝገባ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ልጁን እጁን ይዞ «ይህን የሠሩት እንደ አባትህ ያሉ ሠራተኞች ናቸው» ለማለት የሚችል ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ መንገዱን ይጀምር ዘንድ ዕንቅፋቱን ማንሳት የሁላችንም ድርሻ ነው።