የቦሌ ሁለቱ መዝገቦች

ቦሌ ሲባል በብዙ ሰው ልቡና ቀድሞ የሚሣለው አውሮፕላን ማረፊያውና በመስታወት የተለበጠው ፎቅ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጅ ቆሞ የሚገባውን ላስተዋለ ሰው የሚታየው ሌላ ሕዝብ ነው፤ ከእጇ የሽንኩርት ሽታ ያልለቀቃት የቤት ሠራተኛ፣ የጥበቃ ተራውን ለባልንጀራው አስረክቦ የመጣ ጎልማሳ፣ ጫማው በሲሚንቶ የነጣ የቀን ሠራተኛ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ማታው ክፍል ይገባሉ። አሠሪዎች ልጆቻቸውን በመኪና ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲልኩ፣ እነዚያን ልጆች አጥባና አብልታ የምታሳድገው ወጣት የመንግሥቱን ትምህርት ቤት መዝገብ ትሞላለች።

በአንድ የምዝገባ ቅጽ ላይ የአሳዳጊ ስም በሚጻፍበት ስፍራ «አሠሪዋ» የሚል ቃል ብቻ ሰፍሮ አይቻለሁ። ከቤተሰብ ርቆ መማር አዲስ ነገር አይደለም፤ የቀድሞው ቆሎ ተማሪ እናት አባቱን ትቶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ወደማያውቀው ደብር ይሰደድ የነበረው የታወቀ የዜማ ወይም የቅኔ መምህር መኖሩን ሰምቶ ነው፤ የዛሬይቱ ስደተኛ ግን ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከወላይታ እንጀራ ፍለጋ መጥታ ትምህርቱን ከሥራዋ በተረፈ ሰዓት ትሻለች፣ መምህሩም ይኑር አይኑር አስቀድማ አታውቅም።

ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ደግሞ መዝገቡን የሚለውጠው የቤት ዕጣ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ በተስፋፋ ቁጥር፣ ከመሐል ከተማ ዕጣ የወጣለትም፣ ቤቱ ፈርሶበት የተነሣም፣ ኪራይ ፍለጋ የተከተለም ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሰፈረ፤ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ እስኪቋቋም ደረሰ። አዲስ አበባን 2,739,551 ነዋሪ ያላት አድርጎ የመዘገበው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ተከታይ አላገኘም፤ ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ የሚለው ደንብ በወረቀት ላይ ሲኖር፣ ክፍሉን የሚሞላው ሕዝብ በውል አልታወቀም ማለት ነው።

የመምህራኑ መዝገብ ከዚህ ይልቅ ያሳዝነኛል። የአገራችን የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው በዚሁ በምሥራቁ በኩል፣ በኮተቤ ነው፤ ያን ጊዜ መምህራኑ በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ነበሩ፣ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንም ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው አብዛኞቹ በየትምህርት ቤቱ ተደለደሉ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የመምህራኑን ጉድለት ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት እንዲሸፍነው ተደረገ፤ በሳተላይት የሚመጣው የእንግሊዝኛ ትምህርት ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ያልፍ ነበር፣ መምህሩም በገዛ ጉባኤው አስተናባሪ ሆኖ ቆመ። እንግዳውንም መሣሪያውንም አልነቅፍም፤ ያገር ልጅ መምህር በደመወዙ ቤት ተከራይቶ ማደር የሚችልበትን ሥርዓት ሳናበጅ ይህን ያህል ዘመን ማለፉን ግን እነቅፋለሁ። ኮተቤ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሆኖም ፊዚክስና ሒሳብ የተማረው ወጣት የተሻለ ደመወዝ ባገኘ ቀን ጠመኔውን ጥሎ ይሄዳል።

የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። በማታው ክፍል ያነጋገርኋት ልጅ ይህን ታውቃለች። የፊዚክሱ ክፍለ ጊዜ ደርሶ መምህር ባልገባ ጊዜ፣ ባለፈው ሳምንት ከሰሌዳ የገለበጠችውን ፎርሙላ በጣቷ እየተከተለች ስትደጋግም ቆየችና፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሣች፤ የአሠሪዎቿ በር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይቆለፋል።