አሮጌ መላጊያ ስንት ያወጣል? የፒያሳ የአናጺ ዕቃና ሦስቱ ዋጋዎች

የጠዋቱን የቡናና የጤፍ ዋጋ ለቀናል፣ ያላያችሁ ከፍ ብላችሁ እዩት። ይሄኛው ጽሑፍ ስለ እህል አይደለም፤ ግን ስለ ዋጋ ስለሆነ እዚህ ቤት ቦታ አያጣም።

ፒያሳ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። «አባታችን አናጺ ነበሩ። አንድ ሣጥን መላጊያ፣ መሮና መጋዝ ትተውልናል። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ማስቀመጫ የለንም። ቆራሌው በኪሎ ልውሰደው ይላል። እንስጠው?»

አጭሩ መልስ፦ አትስጡ። ቢያንስ ዛሬ አትስጡ። ረጅሙ መልስ ደግሞ ይኸው።

ዕቃው ከየት መጣ?

አራዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው መርካቶን ተከሉ፤ አራዳ ደግሞ ፒያሳ ተባለ። ገበያው ቢሄድም የእጅ ባለሙያው ሁሉ አልሄደም። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን እዚያ ከሰፈሩት ባለሙያዎች ነው። የድሮዎቹን ባለ በረንዳ የእንጨት ቤቶች ከሠሩት መካከል የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ነበሩ። ከጣሊያን ሽንፈት በኋላም እዚሁ ቀርተው ጋራዥና የእንጨት ሥራ ቤት የከፈቱ ጣሊያኖች ነበሩ። ዛሬም አናጺው ዕቃውን ሲጠራ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ራስፓ ይላል፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ከእነሱ ሥር የሠራው ልጅ፣ ከተግባረ ዕድ ተምሮ የወጣው ወጣት፣ ዕቃውን ገዝቶም ተሸልሞም ይዞ ቆየ። ብዙው ዕቃ የእንግሊዝ ሸፊልድ፣ የአሜሪካ ወይም የጀርመን ሥራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያና መጋቢት ላይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን ማፍረስ ሲጀምር፣ ቤቱ ብቻ አይደለም የተነሣው። ጓዳ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ ተቀምጦ የነበረ ዕቃም ሜዳ ላይ ወጣ። በአጭር ጊዜ ብዙ ሻጭ፣ ጥቂት ገዢ። የእህል ነጋዴ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ በመኸር ማግስት በቆሎ የሚሸጥ ገበሬ የሚገጥመው ዋጋ ነው።

አንድ ዕቃ፣ ሦስት ዋጋ

አንደኛው የኪሎ ዋጋ ነው። ቆራሌው የሚያየው ብረት ብቻ ነው። ከሱ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ሰብሳቢ ይሄዳል፤ ገዢ ካልተገኘለት መጨረሻው ማቅለጫ ነው። አንድ ባለ 4 ቁጥር የብረት መላጊያ 1.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለሂሳብ እንዲመቸን (የዛሬ ዋጋ ብላችሁ አትያዙት) ኪሎውን 50 ብር ብንል 85 ብር ነው።

ሁለተኛው የሠራተኛ ዋጋ ነው። ገዢው አናጺ ነው፣ ሊሠራበት ነው የሚፈልገው። የሱ ሂሳብ ቀላል ነው፦ ተመሳሳይ ጥራት ያለው አዲስ ስንት ነው? ከዚያ ላይ የጎደለውን ማሟያ ቀንሱ፣ የማጽጃና የመሳያ ጉልበት ቀንሱ፣ «አሮጌ ነው፣ ምን እንዳለው አላውቅም» ለሚለው ስጋት ትንሽ ቀንሱ። አሁንም ለሂሳብ ያህል አዲሱን 4,000 ብር እንበል። እጀታ ለማሠራት 500፣ ለማጽጃና ለመሳያ 700 ሲወጣ 2,800 ይቀራል። የስጋቱን ሩብ ብንቀንስ 2,100 ብር። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ገበያ ቁጥር ቀይሯቸው፣ መንገዱ ግን ይሄው ነው። ከ85 እና ከ2,100 መካከል ያለውን ልዩነት እዩት፤ ወደ 25 እጥፍ ነው። በቡና እንዲህ ያለ ልዩነት ያየ እጁን ያንሣ።

ሦስተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ውጭ አገር የድሮ የእንጨት መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ ገበያውም እውነተኛ ነው። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። የስታንሊ ኩባንያ የቤይሊን የመላጊያ ፈቃድ የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ከዚያ ወዲህ 4 እና 5 ቁጥርን በብዛት አምርቶ ዓለምን ሞልቷል። ስለዚህ 80 ዓመት ቢሆነውም ውጭ አገር ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ጥቂት አሥር ዶላሮችን ነው። በአንጻሩ 1 ቁጥሩ፣ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የምትረዝመው ትንሿ፣ ጥቂት ስለተሠራች ከ1,000 ዶላር በላይ ትሸጣለች። ዋጋውን የሚያመጣው ብርቅነቱ ነው። ከአዲስ አበባ 1.7 ኪሎ ብረት ልኮ የፖስታ ከፍሎ 4 ቁጥር የሚያተርፍ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ «ኢንተርኔት ላይ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል» እያላችሁ ዕቃውን አቅፋችሁ አትቀመጡ። የእናንተ ዕቃ እውነተኛ ዋጋ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ኪሳራውም ትርፉም ያለው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው።

ደረጃ ማውጣት፦ 40 እና 60

የቡና ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን የቡና ደረጃ ምደባ 40 ነጥቡ ለጥሬው መልክ፣ 60 ነጥቡ ለቅምሻው ነው። ለመሣሪያም ይሄንኑ ያዙ። መልኩ 40፣ ሥራው 60። ዝገት የለበሰ ዕቃ ቅምሻው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቀለም የተቀባ የሚያብረቀርቅ ደግሞ ባዶ።

መላጊያ ሲቀርብላችሁ፦

👉 ገልብጣችሁ ምላጩ የሚወጣበትን አፍ እዩ። ስንጥቅ ካለ ዋጋው ወደ ኪሎ ወረደ በሉት። አካሉ ተቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለሆነ እንደ ተራ ብረት በቀላሉ አይበየድም።

👉 ምላጩን አውጡና ከመሐል ቀዳዳው እስከ ስለቱ ምን ያህል እንደቀረ ለኩ። ስለት በተሳለ ቁጥር ያጥራል። የድሮ የእንጨት መላጊያ ምላጭ ላይ ጠንካራው ብረት የተለጠፈው በታችኛው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ካለቀ የቀረው ለስላሳ ብረት ነው፣ ስለት አይዝም።

👉 የምላጩን ጀርባ፣ ስለቱ አካባቢ ያለውን እዩ። የላይ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ጉድጓድ ያወጣ ዝገት ግን ስለቱን እንደ መጋዝ ያደርገዋል።

👉 ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ አንድ ሰው በግራይንደር አቃጥሎታል። ብረቱ ጥንካሬውን ጥሏል፤ ያ ክፍል እስኪያልቅ መሳል አለበት።

👉 ብሎኖቹ ሙሉ መሆናቸውን አረጋግጡ። የስታንሊ ብሎን ጥርሱ የራሱ ልክ ነው፤ ከየትኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዝታችሁ አትተኩትም። አንድ ብሎን የጎደለው ዕቃ ዋጋው የሚወርደው ለዚህ ነው። አንድ የተሰበረ መላጊያ ደግሞ ለብሎኑ ሲባል ከኪሎው በላይ ያወጣል።

መሮ ላይ በላቲን ፊደል «ካስት ስቲል» የሚል ጽሑፍ ስታገኙ «ተቀልጦ የተቀዳ ተራ ብረት ነው» ብላችሁ እንዳትጥሉት። የሸፊልዱ ሀንትስማን በ1740ዎቹ ባመጣው ዘዴ በሸክላ ማቅለጫ የተሠራ ጥሩ ብረት ማለት ነው፤ ስለት ይይዛል። መጋዝ ከሆነ ገጹን ቀስ ብላችሁ አጉብጡትና ልቀቁት፤ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ጠማማ ከቀረ አልቆለታል። እጀታው ላይ ያለችውን ክብ የነሐስ ምልክት አንብቡ፤ ሄንሪ ዲስተን በ1840 ፊላደልፊያ ላይ የጀመረው ኩባንያ ሥራ ከሆነ ገዢ አያጣም።

አሁን ገበያውን የሚገፋውና የሚጎትተው

ወደ ላይ የሚገፋ አንድ፦ ምንዛሪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መላጊያ ከውጭ ነው የሚመጣው። አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ተከትሎ ይወጣል፣ ልክ ስንዴ ሲወደድ በቆሎ እንደሚከተል። ግን አሮጌ የያዘው ቤተሰብ ይሄን አልሰማም፣ ቆራሌው ደግሞ አይነግረውም።

ወደ ላይ የሚገፋ ሁለት፦ ዋንዛ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከከለከለ ወዲህ ጥሩ እንጨት እየከበደ ነው የሄደው። ከፈረሱ ቤቶች የወጣ የድሮ በርና መስኮት መልሶ የሚሠራ ባለሙያ የእጅ መላጊያ ይፈልጋል። ምክንያቱም አሮጌ እንጨት ውስጥ ሚስማር አለ። ሚስማር የማሽኑን ምላጭ ከበላ ወጪው ትልቅ ነው፤ የእጅ መላጊያ ከሆነ ምላጩን አውጥቶ ድንጋይ ላይ ስሎ ይቀጥላል።

ወደ ታች የሚጎትት፦ ቺፑድና ኤምዲኤፍ። ዛሬ ቁም ሣጥን የሚሠራ ወጣት በማሽን ቆርጦ ጠርዙን ለጥፎ ይጨርሳል። መላጊያ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ገዢው ትንሽ ነው። ትንሽ ገዢ ያለው ገበያ ላይ ዕቃን በአንድ ቀን መሸጥ ማለት ዋጋን መጣል ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሻጭ ከሆናችሁ፦ ሣጥኑን በጅምላ አትሽጡ። ማኛን ከሰርገኛ ቀላቅሎ የሚሸጥ በሰርገኛ ዋጋ ነው የሚከፈለው። ለዩት፦ የሚሠራ፣ የሚጠገን፣ ለመለዋወጫ የሚሆን፣ የእውነት ውዳቂ። የመጨረሻውን ብቻ ለቆራሌው ስጡ። በግራይንደር አታጽዱ፣ ቀለም አትቀቡ፤ ጨርቅና ዘይት ይበቃል። ማኅተሙን፣ አፉንና ምላጩን ለየብቻ ፎቶ አንሡ። ሦስት አናጺ ጠይቁ፣ አንዱ ከሰፈራችሁ ውጭ ይሁን። መጀመሪያ የመጣውን ዋጋ ወለል አድርጋችሁ ያዙት እንጂ አትዝጉ።

ገዢ ከሆናችሁ፦ ስለት ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ቁራጭ እንጨት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የባለሙያው ልጅ ከሆነ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ያንን ዕውቀት ተጠቅሞ በ85 ብር መውሰድ ይቻላል። ግን በሚቀጥለው ሳምንት የጎረቤቱን ሣጥን ማን ያሳያችኋል?

መሐል ያለን እኛ ደግሞ፦ ደላላ ማለት ሁለቱም ወገን ዋጋውን እያወቀ ኮሚሽኑን የሚወስድ ነው። አንዱን ወገን በጨለማ አስቀምጦ ልዩነቱን የሚበላ ነጋዴ ነው፣ ያውም መጥፎው ዓይነት። ጥሩ ስማችን የተበላሸው በዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። አገር ውስጥ የተሠራ፣ የጥንት የሚመስል፣ ከታሪካዊ ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ጋር የሚያያዝ ዕቃ ካገኛችሁ ከአገር ለማስወጣት አትሞክሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ጤፍ ዛሬ በርካሽ ብትሸጡት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጤፍ ይዘራል። የአባታችሁ መላጊያ ግን አንዴ ማቅለጫ ከገባ ፌሮ ብረት ሆኖ ነው የሚወጣው። አንድ ወጣት አናጺ ሊሠራበት ይችል የነበረ ሃያ ዓመትም አብሮ ይቀልጣል። ስለዚህ ሣጥኑ ለአንድ ወር ኮሪደር ላይ ቢያስቸግራችሁ ቻሉት።

ለሚመለከተው ሰው አድርሱልን፣ በተለይ ከፒያሳና ከአራዳ ለተነሡ። ጥያቄ ያለው ፎቶ ጨምሮ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። ነገ ጠዋት በቡና ዋጋ እንገናኝ። መልካም ገበያ!