«ወይ እባቡ ይወጣል፣ ወይ እኔ!»

ከአትላንታ

እባብን በተመለከተ እኛ ኢትዮጵያውያን ገለልተኛ ሆነን አናውቅም። ገና በልጅነታችን አገር ይገዛ ስለነበረው ዘንዶ ስለ አርዌና እሱን ስለገደለው ስለ አንጋቦ ሰምተናል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ አይተናል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ተረትም የማያውቅ የለም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የተሰደደ ወላጅ፣ አሜሪካ የተወለደ ልጁ አንድ ቀን «አባዬ፣ እባብ ግዛልኝ» ቢለው ምን ይመልሳል?

ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ አይደለም። ክላርክስተን አካባቢ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄን የገጠመው ይኸው ነው። የ13 ዓመት ልጁን «ጥሩ ውጤት ካመጣህ የፈለግኸውን እገዛልሃለሁ» ብሎት ነበር። ልጁ በሁሉም ትምህርት «ኤ» አመጣ። የፈለገው ግን ጫማ ሳይሆን እባብ ሆነ። አባት ቃሉን ማጠፍ አልሆነለትም። እባቡ ከነመስታወት ሣጥኑ ቤት ሲገባ፣ ከሀገር ቤት ለጥየቃ የመጡት አያት አማትበው የክፍላቸውን በር ቆለፉ።

ሦስት ወር ሳይሞላ እባቡ መብላት አቆመ። ቆዳው እንደ ተቀደደ ወረቀት በየቦታው ተንጠለጠለ። ልጁ ማታ ማታ ተደብቆ ማልቀስ፣ እናት ከባሏ ጋር መነታረክ ጀመሩ። አባትም በመጨረሻ ከላይ በርእሱ ያነበባችሁትን ቃል ተናገረ። እኔ የተጠራሁት ይሄኔ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነበርክ፤ እስቲ ጠያይቀህ መላ በለን» ተባልኩ። ሙያው ከእጄ ከወጣ ቢሰነብትም መጠየቅና ማንበብ አልተውኩምና ሄድኩ። ያገኘሁትን ለናንተም ላካፍላችሁ።

እንግዳው ማን ነው?

የልጁ እባብ «ቦል ፓይተን» የሚባለው ነው። ሲደነግጥ ራሱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ስሙ ከዚያ ወጣ። መርዝ የለውም። እንደኛው አፍሪካዊ ስደተኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ሀገሩ ከሴኔጋል እስከ ዩጋንዳ የተዘረጋው ሣራማ ምድር ነው። በቤኒን፣ ዊዳ በምትባለው ከተማ ለነዚሁ እባቦች የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰው ያከብራቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። በኛ ቆላ የሚገኘው ትልቁ ዘንዶ የሥጋ ዘመዱ ነው።

ዋናው ቁም ነገር አኗኗሩ ነው። ይህ እባብ ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው። ኩይሳ ውስጡ ሞቃት፣ እርጥበት ያዘለና ጨለማ ነው። እኛ ደግሞ ያመጣንበት ቦታ ብርሃን የሞላው፣ አናቱ ወንፊት የሆነ የመስታወት ሣጥን ነው። ችግሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሙቀት ሲባል አንድ ሙቀት አይደለም

እኛ የሰውነታችንን ሙቀት የምናገኘው ከምንበላው ምግብ ነው። እባብ ግን ሙቀቱን ከውጭ ይበደራል። ሲበርደው ወደ ሞቀው ይሳባል፤ ሲሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሸሻል። ስለዚህ ሣጥኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ካለው እባቡ ምርጫ የለውም፤ ወይ ይቀቀላል፣ ወይ ይደነዝዛል። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ጥግ ከ88 እስከ 92 ፋራናይት (ከ31 እስከ 33 ሴንቲግሬድ)፣ ቀዝቃዛው ጥግ ከ76 እስከ 80 ፋራናይት (ከ24 እስከ 27 ሴንቲግሬድ) ሊሆን ይገባል። በየጥጉም የሚደበቅበት ጎሬ ያስፈልገዋል። ጎሬው አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ «ልሙቅ ወይስ ልደበቅ?» በሚል ጭንቀት ይኖራል፤ የተጨነቀ እባብ ደግሞ አይበላም።

ወዳጄ ቤት ያለው ሣጥን እንዲህ አልነበረም። የሸጠላቸው ሱቅ አንድ ትልቅ አምፖልና መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ርካሽ ቴርሞሜትር ሰጥቶ አሰናብቷቸዋል። ቴርሞሜትሩ 85 ይላል። መልካም ይመስላል። ነገር ግን የተለጠፈው ከላይ ነው፤ እባቡ የሚኖረው ከታች ነው። እባቡ የሚተኛበትን ወለል ስንለካው ከአምፖሉ ሥር 118፣ በሌላው ጥግ 69 ሆኖ ተገኘ። በምጣድና በፍሪጅ መካከል ይኖር ነበር ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቴርሞስታት ይባላል። ሙቀቱ የተወሰነለት ልክ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ መሣሪያ ነው። ከሣጥኑ ሥር የሚነጠፍም ይሁን ከላይ የሚንጠለጠል ማሞቂያ፣ ያለ ቴርሞስታት መሰካት የለበትም። የመለኪያው ገመድ ጫፍ እባቡ በሚተኛበት በሞቃቱ ቦታ ይቀመጣል። በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ የሚሸጡም አሉ፤ ይህን አትግዙ። እባብ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ከላዩ ላይነሳ ይችላል። ማታ ማታ ቀይ አምፖል ማብራትም አያስፈልግም። ሌሊት የሚያስፈልገው ጨለማ ነው፤ ሙቀት ካስፈለገ ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ አለ። ሙቀቱ ሲጎድል እባብ የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል፤ አንዳንዴም መልሶ ይተፋዋል።

የእርጥበት ነገር እንደ እንጀራ ነው

እርጥበትን በተመለከተ እኛ ከፈረንጅ የተሻለ እውቀት አለን። እንጀራ ሳይከደን ካደረ ጠርዙ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በላስቲክ ታፍኖ ከሰነበተ ይሻግታል። መሶብ ግን ክዳንም መተንፈሻም አለው። የእባብ ሣጥንም የሚፈልገው የመሶብን ጠባይ ነው፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ግን አያፍንም።

የአትላንታ ክረምት ለዚህ አይመችም። የፈረንጆች ጥር ወር ነው፤ የውጭው አየር 41 ፋራናይት፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ነው እንበል። ያንኑ አየር ቤት አስገብተን ወደ 70 ስናሞቀው፣ ውሃ ሳይቀነስበት እርጥበቱ ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። በማሞቂያው ሥር 90 ሲደርስ ወደ 15 በመቶ። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ መያዝ ስለሚችል ያው ውሃ ለሱ ጥቂት ሆኖ ይቀራል። በበጋ ደግሞ ውጭው ቢታፈንም ኤር ኮንዲሽኑ የቤቱን እርጥበት ይመጥጣል። ቦል ፓይተን የሚፈልገው ወደ 60 በመቶ ነው፤ ቆዳ ሊለውጥ ሲል ደግሞ ከዚያ ላቅ ያለ። ዓይኑ ሰማያዊ ጭጋግ ከለበሰ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ጤነኛ እባብ አሮጌ ቆዳውን እንደ ካልሲ በአንድ ጊዜ ያወልቀዋል። አየሩ ሲደርቅ ግን ቆዳው ይቆራረጣል፤ የዓይን ሽፋኑም ሳይወልቅ ሊቀር ይችላል። ይህን በጥፍር መላጥ ዓይኑን ማጥፋት ነው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። የወንፊቱን ክዳን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሸፈንን። ወለሉ ላይ የነበረውን ጋዜጣ አንስተን፣ ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራውን ውሃ የሚይዝ ገለባ ሦስት ጣት ያህል ነሰነስን። (የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ ግን ሽታው እባብን ይጎዳል።) ትልቅ የውሃ ሳህን አስገባን። በአንደኛው ጎሬ ውስጥ እርጥብ ሞስ፣ ማለትም የወንዝ ዳር አረንጓዴውን ሽበት የመሰለ ነገር፣ አኖርን። ውሃ መርጨት ብቻውን አይበቃም፤ ከሰዓት በኋላ ተንኖ ይሄዳል። ወለሉ ግን ጭቃ መሆን የለበትም፤ ሁልጊዜ የሚረጥብ ወለል ሆዱን ያቆስለዋል። እባብ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ወይም ሲያፏጭ ከተሰማ ሳንባው ታሟልና ሐኪም ይፈልጋል። በአቴንስ ከተማ ያለው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለእንዲህ ያሉ እንስሳት የተለየ ክፍል አለው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ እባቡ ቆዳውን ከራስ እስከ ጭራ በአንድ ቁራጭ አወለቀ። በማግስቱም በላ። ወዳጄ ዛሬም አይነካውም። ይሁን እንጂ ሌሊት ሠርቶ ሲገባ መለኪያውን ሳያይ እንደማይተኛ ሚስቱ ነግራኛለች። ከልጁ ጋር ለዓመታት ያላወሩትን ያህል የሚያወሩት ስለዚሁ ቁጥር ነው።

መብራት ሲጠፋ፣ ሕግ ሲጠይቅ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 አይርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ጆርጂያን ሲመታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጥተዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ፣ በተለይ በብርድ ጊዜ፣ ሣጥኑን በጋቢ መጠቅለልና ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍኖ ከጎኑ ማኖር ይጠቅማል። የአየር መግቢያ ግን ይተውለት። ሙቀቱ እስኪመለስም ምግብ አይሰጠው።

ከጓሮ የተያዘ እባብ ማሳደግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በጆርጂያ ሕግ የአካባቢውን መርዝ የሌላቸው እባቦች ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን ቦል ፓይተን ግን ሕጉ አይከለክልም። ንጽሕናንም አንርሳ። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን የአንጀት ጀርም ጤነኛ ሆነውም ይሸከማሉ። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሳህኑ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠብም፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም አይንካው።

ልጃቸው የጠየቃቸው ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት አንድ ነገር ይቁጠሩ። ቦል ፓይተን በጥሩ አያያዝ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት መጠበቂያ በ2020 እንቁላል የጣለችው ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ ነበር። የ13 ዓመት ልጅ በ18 ዓመቱ ኮሌጅ ይገባል። እባቡ አብሮት አይሄድም። ከዚያ በኋላ መለኪያውን እያየ ውሃውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ሣጥኑ ሳይገዛ በፊት በቤተሰብ ተቀምጦ መነጋገር ነው።