ሞቶ መርዶው ያልተነገረ ፕሮጀክት

ከዋይሊ፣ ቴክሳስ

በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማራ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው ኢትዮጵያዊ በዚህ አገር የሚገኝ አይመስለኝም። "ጥሩ ሥራ አለው" ይባልለታል፤ ደመወዙም እውነትም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ሠርግ ላይ ላፕቶፑን በመኪናው ይዞ የሚመጣው፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ በስልክ ስብሰባ የሚገባው፣ የገዛ ልጁ ክርስትና ላይ እንቅልፍ የሚያዳፋው እሱ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ያ ሁሉ ሌሊት ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ለማይሳካ ሥራ ነው፤ ያውም እንደማይሳካ ሠራተኞቹ እያወቁ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በሙያችን ስም አለው። ኤድዋርድ ዮርደን የተባለው አሜሪካዊ የሶፍትዌር ሊቅ በ1997 ያሳተመውን መጽሐፍ "የሞት ጉዞ" ብሎ ሰይሞታል። መለኪያው ግልጽ ነው። አንድ ዓመት የሚጠይቀው ሥራ በስድስት ወር ይለቅ ከተባለ፣ ሃያ ሰው የሚፈልገው በአሥር ሰው ይሠራ ከተባለ፣ ወይም በጀቱ በግማሽ ተቆርጦ የሚሠራው ነገር እንዳለ ከቀረ፣ ያ የሞት ጉዞ ነው። ስያሜው የተጋነነ የሚመስለው ላልተጓዘው ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ትልቁ ምሳሌ እዚሁ ዳላስ-ፎርት ዎርዝ አለ። የአሜሪካን አየር መንገድ እናት ድርጅት የነበረው ኤ.ኤም.አር. ዋና መሥሪያ ቤቱ ፎርት ዎርዝ ነበር። አየር መንገዱ በ1960ዎቹ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር የዘረጋው "ሴበር" የተባለው የመቀመጫ ማስያዣ ሥርዓት በዘመኑ ወደር ያልነበረው ስለሆነ፣ ይህን ሥራ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1988 ከሂልተን፣ ከማሪዮትና በጀት ከተባለው የመኪና አከራይ ጋር ሽርክና ገቡ። አውሮፕላኑንም፣ ሆቴሉንም፣ መኪናውንም በአንድ ጊዜ የሚያስይዝ "ኮንፈርም" የተባለ ሥርዓት ሊሠሩ ነበር። ዋጋው 55.7 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለቂያው ጁን 1992 ተባለ። በጁላይ 1992 ሽርክናው ፈረሰ። እስከዚያ የወጣው ገንዘብ 125 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሥርዓቱም ለታለመለት አገልግሎት ሳይውል ቀረ።

የቴክኒኩ ችግር በአጭሩ፣ ማስያዣውን ክፍል ዋጋና ትንበያ ከሚያሰላው ክፍል ጋር ማገናኘት አልተቻለም። ከባድ ችግር ነው። ነገር ግን የሚሠሩት ሰዎች ያውቁት ነበር! በኋላ በወጡት ዘገባዎች እንደተጻፈው፣ በ1991 አጋማሽ ከሠራተኞቹ ግማሽ የሚሆኑት ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር። የጊዜ ሰሌዳቸውን አለቆቹ ቃል ከገቡት ቀን ጋር እንዲያስማሙ የታዘዙ ነበሩ፤ እምቢ ያሉት ተዛወሩ፣ ለቀቁ ወይም ተባረሩ። እውነቱን የጻፈ አንድ የውጭ አማካሪ ሪፖርቱ ተቀብሮ እሱም ተሰናበተ። በኤፕሪል 1992 ማክስ ሆፐር የተባለው የኤ.ኤም.አር. ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ አንዳንድ ኃላፊዎች የሥራውን ትክክለኛ ሁኔታ ሳይገልጹ መቆየታቸውን ለሸሪኮቹ በደብዳቤ አሳወቀ። ከዚያማ መባረሩና መካሰሱ ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር እውቀት ማጣት አይደለም። እውቀቱ ታች ነበረ፤ ወደ ላይ የሚወስደው ሰው ታጣ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የእኛ ብቻ ተረት ይመስለን ነበር፤ ለካስ ፎርት ዎርዝም ይሠራል።

የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በሽታ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ዳላስ መሐል ከተማ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ ተቀምጦ የነበረው አዮን ስቶርም የተባለው የጌም ኩባንያም አለ። "ዳይካታና" የተባለውን ጌም ለ1997 ገና አደርሳለሁ ብሎ የደረሰው በሜይ 2000 ነው። መሐል ላይ ጌሙ የቆመበትን የሶፍትዌር መሠረት ለወጡ፤ በኖቬምበር 1998 ደግሞ ከሠራተኞቹ ስምንቱ በአንድ ጊዜ ጥለው ሄዱ። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ጠረጴዛቸው ሥር ያድሩበት የነበረ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ "ታዲያ ሥራው ከዘገየ ለምን ሰው አይጨመርም?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አገር ቤት አጨዳ ሲዘገይ ደቦ ይጠራል፤ ሃያ ሰው ገብቶ በአንድ ቀን ያነሳዋል። ደቦ የሚሠራው እያንዳንዱ አጫጅ የራሱን ትልም ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ከጎኑ ያለውን "አንተ የት ደረስክ?" ብሎ መጠየቅ አይጠበቅበትም። ሶፍትዌር ግን ከአጨዳ ይልቅ ለሊጥ ይቀርባል። ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ አሥር ሰው ቢቆምበት በአንድ ቀን አይቦካም።

ይህን በመጽሐፍ ያስቀመጠው የአይ.ቢ.ኤም.ን ትልቅ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ ነው፤ በ1975። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። አምስት ሰው አብሮ ሲሠራ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ መነጋገር ያለባቸው ጥንዶች 10 ናቸው። አሥር ሰው ሲሆን 45፣ ሃያ ሲሆን 190 ይሆናሉ። ሰው በአራት እጥፍ ሲጨምር መነጋገሪያው በአሥራ ዘጠኝ እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ላይ አዲሱን ሰው የሚያሠለጥነው ማን ነው? ሥራውን የሚያውቀውና ጊዜ የሌለው ያው ነባሩ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር የባሰ ያዘገየዋል።

ሰው መጨመር ካልሠራ ሰዓት ይጨመራል። ምሽቱ፣ ቅዳሜው፣ ከዚያም እሑዱ። የደከመ ሰው የሚጽፈው ኮድ ስህተት ይበዛበታል፤ የዛሬ ሌሊት ስህተት ነገ ቀን ይታረማል፤ የነገው ሥራ ለሌሊት ያድራል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራው የተፋጠነ ይመስላል። አለቃውም ማታ በሦስት ሰዓት መብራት ሲያይ ልቡ ይረጋል። ትርፍ ሰዓቱ እንግዲህ አንድ ነገር በደንብ ይሠራል፦ መርዶውን ያዘገያል።

መርዶ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቱ አገር ቤት የሞተችበትን ሰው አስቡት። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ እሱ ብቻ አልሰማም። የሚያውቁት እያዩት ይስቃሉ፣ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። የሞት ጉዞ ላይ ያለ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰው ለመርዶ ወግ አለው። ቀን ይቆረጣል፣ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ይመረጣል፣ በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ብቻውን፣ ያውም ታናሹ፣ አይላክም። በሶፍትዌር ቤት ግን ይህ ወግ የለም፤ መርዶው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከሁሉ ትንሹ ላይ ነው።

ለኛ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ሥራውን ካጣ አገሩን ሳይለቅ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ይህም በ2017 የጸና ደንብ ነው። ትርፍ ሰዓትም አይከፈለውም፤ የፌዴራሉ የሥራ ሕግ በወር ደመወዝ የሚሠራ የኮምፒዩተር ባለሙያን በአብዛኛው ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ አድርጎታል። ለአዋቂ ሠራተኛ የሰዓት ጣሪያም አላበጀም። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፉን ደግሞ በሳምንት 12 ሰዓት ገድቦታል። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ በወረቀት ደረጃ የሐዋሳው ልብስ ሰፊ ከፕላኖው ኢንጂነር የተሻለ ጥበቃ አለው! ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2004 አንዲት የጌም ሠራተኛ እጮኛ ስሟን ሳትገልጽ በኢንተርኔት ያወጣችው ደብዳቤ ብዙ ሰው አነቃ፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያም በተከሰሰባቸው የትርፍ ሰዓት ክሶች በ2005 እና በ2006 ለሠራተኞቹ በሚሊዮኖች ከፍሏል። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ከቴክሳስ ይጠብቃል።

ዋይሊን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከዳላስ ሰሜን ምሥራቅ በላቮን ሐይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በ2000 15 ሺህ ያህል ሰው ነበራት፤ በ2020 ከ57 ሺህ በላይ ሆነ። ከጨመረው ሰው ብዙው እንደኔ ቤት ከሌላው ቦታ ረከሰልኝ ብሎ የመጣ ነው። የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ የተሸከመ ሰው አለቃው ፊት ቆሞ "ይህ ሥራ አያልቅም" ለማለት ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡት።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የደንበኞች ሒሳብ ማስከፈያ ሥርዓት እንሠራ ነበር። የሥራው ሁኔታ በየሳምንቱ በቀለም ይቀርባል፦ አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ አስጊ፣ ቀይ አደጋ። በሙያው እንዲህ ያለውን ሪፖርት "ሐብሐብ" እንለዋለን፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ቀይ። አብሮን የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ባለ ኤች-1ቢ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣

"ጋሼ፣ እኔ ቀይ ብዬ ነበር የላክሁት፤ ማኔጀሩ ቢያንስ ቢጫ አድርገው አለኝ። ስብሰባው ላይ አረንጓዴ ሆኖ አየሁት" አለኝ።

"ማን ቀየረው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ቪዛዬ አለ።"

አራት ነባር ሠራተኞች ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ጻፍን። ስለ ድካም፣ ስለ ቅዳሜና እሑድ አንድም ቃል አላስገባንም። ያስገባነው ሁለት ቁጥር ነው፦ በሳምንት የሚታረሙት ስህተቶች አርባ ያህል፣ አዲስ የሚገኙት ሃምሳ ያህል። በዚህ አያያዝ የማለቂያው ቀን ሊሰላ አይችልም፤ በየሳምንቱ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። የልጁን ስም አውቀን ተውነው። ከዚያም ቀን ቆርጠን፣ አራታችንም አብረን፣ ጠዋት ከማንም በፊት ከማኔጀሩ በላይ ወዳለው ኃላፊ ገባን።

ሰውየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። "ይህን ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?" አለ።

"ሁሉም" አልነው።

ፕሮጀክቱ በስድስተኛው ሳምንት ተዘጋ። ከአራታችን ሁለታችን ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርን፤ ሁለቱ ተሰናበቱ። ልጁም ተሰናበተ፤ በ41ኛው ቀን ፕላኖ ውስጥ ሌላ ሥራ አገኘ።